በብሎኮቹ መሀል ያለው ሜዳ ባዶ አይደለም

ከስህተታችን ልጀምር። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የሳይታችንን ስም አልጠራም፤ ጎረቤቶቼ ያነባሉ። ስድስት ብሎክ ነን፣ ሁሉም ባለ አራት ፎቅ። መሀላችን የእግር ኳስ ሜዳ ሩብ የምታክል ቦታ አለች። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሚቴው «ይህ ባዶ ቦታ ይልማ» ብሎ ወሰነ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ውሳኔው አንድ ከሰዓት እንኳን አልፈጀም። ሣር ተከልን፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠርን፣ በር አቆምን፣ ቁልፍ አደረግንበት። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ሆነ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍን፤ ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ ብሎክ 4 ላይ ሰው አረፈ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ተሸክመው ሲመጡ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው አገሩ ሄዷል፣ ቁልፉም አብሮት ሄዷል። እናቱ የሞተችበት ሰው ቆሞ እያየ፣ እኔ ፈርሜ ያስገዛሁትን ሽቦ ጎረቤቶቼ በጉጠት ቆረጡት። ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። እሱ ነው የባሰው።

ሣሩ ጥር ላይ ደረቀ። የተረፈው ሽቦ ልብስ ማስጫ ሆነ። ከዚያ እንደገና ጀመርን፣ በሌላ መንገድ። እዚህ የምጽፈው ሁለተኛውን ነው። በብሎኮቻችሁ መሀል፣ በመንደራችሁ መግቢያ ወይም በወንዝ ዳር ለዓይን ባዶ የሚመስል ቦታ ካለ፣ ቢያንስ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ

ለአንድ ሳምንት ምንም አትሥሩ። ማየት ብቻ። በቀን አራት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት አሥር ተኩል ላይ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ። ቅዳሜና እሑድ እንዳያመልጣችሁ። የበዓል ዋዜማ ከተገኘማ ወርቅ ነው፤ በጉ የት እንደሚታሰር፣ ኋላም የት እንደሚታረድ ታያላችሁ። ሳይቱ ኮሙናል ቤት አለው ብላችሁ አትዘናጉ። ሰው ሁሉ እዚያ አያርድም።

ደብተሩ ላይ አራት መስመር ይበቃል። ማን ነው፣ ምን እያደረገ ነው፣ የት ላይ ነው፣ ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ ላይ። ስም አትጻፉ። ስም ከጻፋችሁ ወሬ ይሆናል።

እኔ በዚያ ሳምንት ያየሁት ይኸውላችሁ። ጠዋት ከብሎክ 5 ወደ ታክሲ መያዣው የሚሄድ ሰው ሁሉ ሜዳውን በሰያፍ ያቋርጣል፤ መሬቱ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። የመጀመሪያው አጥራችን ይህን መንገድ ዘግቶት ነበር። ለካ ሰው ለዚያም ነበር በየሳምንቱ ሽቦውን ሲጫነው የነበረው። አምስት ሰዓት ላይ ቦታው የሞግዚቶችና የሕፃናት ነው። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። አሥር ተኩል ላይ ወንዶቹ ልጆች ሁለት ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው መሀሉን ይይዙታል። ሴቶቹ ልጆች ዳር ዳሩን፣ ግድግዳ ሥር፣ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ይጫወታሉ። አንድም ቀን መሀል ላይ አላየኋቸውም። ሽማግሌዎቹ የብሎክ 3 ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዳማ በቆርኪ ይጫወታሉ፤ ጥላው ሲሄድ እነሱም ደረጃ በደረጃ ይሄዳሉ። ጥግ ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ማንም የለም፤ መብራት የለማ።

ይህን ሁሉ ነው እኛ «ባዶ ቦታ» ያልነው።

ቦታው የማን ነው?

ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ አሰልቺ ነው። ግን አትዝለሉት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በአዋጁ መሠረት ከየቤታችሁ ውጭ ያለው የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው፣ የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው። ስለዚህ ሳይት ፕላኑን ፈልጉና ቦታው ከወሰናችሁ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ከወሰን ውጭ ከሆነ የከተማው ነው፤ ያኔ ደብዳቤ የግድ ነው። ውስጥ ከሆነም ደብዳቤ አይከፋም። አንድ ቀን ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። የቦታውን ንድፍ በእጅ ስላችሁ አያይዙ። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ ስፋት 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ ይመድባል፤ ይህን ጥቀሱ። እኛ የጠየቅነው ከዚያ ውስጥ መሆኑን ሲያይ የባለሙያው ፊት ይፈታል። ከሁሉ በላይ ግን ደብዳቤውን ለሰው አትስጡ፤ መዝገብ ቤት አስገቡት። ገቢ ቁጥርና ቀን ቀሪው ላይ ይጻፍላችሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንድ ደግ የሚመስል ሰው «እኔ አደርሰዋለሁ» ብሎ ተቀብሎን ነበር። እስከዛሬ እየደረሰ ነው።

ነገሩ ከተገላበጠ፣ ማለትም እናንተ ሳትሆኑ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሰፈራችሁ ውስጥ ሊሠራ ከመጣ፣ ንድፉን ከቁፋሮ በፊት ለማየት ጠይቁ። ልመና አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የፍሳሽ መስመሩና የመብራት ገመዱ በየት እንደሚያልፍ ሳታውቁ አካፋ አታንሱ። የማንሆል ክዳኖቹን ተከትላችሁ በገመድ መስመር ብትስቡ ግማሹን ታገኙታላችሁ። ሌላውን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ስብሰባ አትጥሩ

ይቅርታ፣ ጥሩ፤ ግን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ስብሰባ ከጠራችሁ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ናቸው። እኛ ጋ አሥራ አንድ ሰው ይመጣል፣ አምስቱ ይናገራሉ፣ ከአምስቱ አንዱ ስለ ውሃ ታንከሩ ነው የሚያወራው። ተከራዮች አይመጡም፤ የማኅበሩ አባል አይደሉማ። ግን ሜዳው ላይ ከሚጫወቱት ልጆች ብዙዎቹ የተከራይ ልጆች ናቸው። ሞግዚቶቹንማ ማን ይጠራል?

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ በአንድ ብሎክ መግቢያ ላይ ጀበና ጣድን። ስድስት ብሎክ፣ ስድስት እሑድ። ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ሁለት አግዳሚ ከእድሩ። ያለፈ ሁሉ ይቆማል። የቆመ ይቀመጣል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ጨመርን፤ መጀመሪያ አላሰብነውም፣ አንዲት የብሎክ 6 እናት ናት ያስታወሰችኝ።

አሁን ዋናው ጥያቄው ነው። «ምን ይሠራ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ በመጀመሪያው እሑድ እንደዚያ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ ወዳጅነት ፓርክን አይቶ መጥቷል፤ መልሱ «ፏፏቴ» ሆነ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፏፏቴ! ደግሞ በቁም ነገር ነው፤ አንዱ ንድፍ ሁሉ ስሎ መጣ።

ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ ጥያቄውን ቀየርነው። ትናንት እዚህ ቦታ ምን አደረጉ? ልጅሽ ለመጨረሻ ጊዜ የወደቀችው የት ጋ ነው? ማታ ሲገቡ በየት በኩል ይዞራሉ፣ ለምን? እማማ፣ የሰጡትን ልብስ የት ሆነው ይጠብቁታል? ለእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ማንም ፏፏቴ አይልም። አንዲት ሞግዚት «ሕፃኑ ሲተኛ የምቀመጥበት የለኝም፣ ታቅፌ እቆማለሁ» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ቆመች የሚል አለ፤ ለምን እንደቆመች ግን አልጻፍኩም ነበር።

ለልጆቹ ጠመኔ ስጧቸው። «የምትጫወቱበትን ቦታ ክበቡ፣ የማትወዱትን ቦታ ኤክስ አድርጉ» በሏቸው። ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት። አብረው ከሆኑ ወንዶቹ ሜዳውን በሙሉ በአንድ ክብ ይጨርሱታል። የኛዎቹ ሴቶች ልጆች ሁለት ነገር አሳዩን። ከብሎክ 2 ኋላ ያለው ጨለማ ጥግ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረጉ። ክቦቻቸው ደግሞ ሁሉም ከኩሽና መስኮት ፊት ለፊት ነበሩ፤ እናት «ነይ» ስትል የሚሰማበት ቦታ።

የመኪናው ጉዳይ

ማንኛውም ሰፈር ውስጥ የሜዳ ነገር የሚፈርሰው በመኪና ነው። አሥራ ዘጠኝ መኪና ነበረን፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ ወርጄ ቆጥሬያለሁ። አብዛኞቹ እንደ መጣላቸው የቆሙ ነበሩ። በኖራ መስመር አስምረን ጎን ለጎን ብናቆማቸው በሰሜን በኩል ያለው ዳር ብቻ አሥራ ስምንቱን ይይዛል።

አንድ ሚኒባስ ቀረ። ባለቤቱ ራሱ ሹፌር ነው፣ ብሎክ 1 ሦስተኛ ፎቅ ይኖራል። ሁልጊዜ ልክ መሀል ላይ ነው የሚያቆመው። ኮሚቴያችን ውስጥ «ድምፅ እንስጥና ይነሳ» ያለ ነበር። እንዳትሞክሩት። በድምፅ ብታሸንፉት ማታ እዚያው ያቆማታል፤ ማን ይገፋታል?

እኔና አንድ የብሎክ 3 ሽማግሌ ቤቱ ሄድን። ቡና ተፈላ። ጋሼ ስለ አየሩ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወሩ፤ እኔ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ አመጣው። «የናንተ ልጆች ይጫወቱ፣ ምን አገባኝ። የኔ ልጆች የሚበሉት ግን ከዚያች መኪና ነው።» ዝም አልን። «ሁለቴ ስፖኪዮ ወስደውብኛል። ከመስኮቴ የምትታየኝ እዚያ ጋ ስትቆም ብቻ ነው።»

ተነስተን መስኮቱ ጋ ሄድን። እውነቱን ነው። የብሎክ 2 ጥግ ዳሩን በሙሉ ይሸፍንበታል፣ ከአንድ ቦታ በቀር። እሱም የድንች ሻጯ ቦታ አጠገብ ነው። ሴትዮዋን ጠየቅናት፤ ሁለት ሜትር ተጠጋች፣ በምትኩ ዝናብ የሚከለክል ላሜራ አደረግንላት። ሚኒባሷ ዛሬ እዚያ ነው የምታድረው። ሰውየው መሀሉን የፈለገው ማየት ስለሚያስችለው እንጂ ለመሀልነቱ አልነበረም። ይህን ስብሰባ ላይ አይናገረውም፤ ቤቱ ሄዶ መስኮቱ ላይ መቆም ነበረብን።

ከመገንባት በፊት ሞክሩት

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ መኪና ቆሞ አስፋልቱ ላይ ልጆች ሲጫወቱ ያየ ያስታውሳል። ለአንድ እሑድ ነው፣ ማታ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐሳቡን ከዚያ ወሰድነው። ለሁለት እሑድ ሜዳውን እንደሚሠራ አድርገን አዘጋጀነው፦ ኖራ፣ ገመድ፣ ከጎሚስታ የተለመነ አሮጌ ጎማ፣ የእድሩ አግዳሚዎች። ወጪው የኖራ ብቻ ነበር።

ከዚያ አግዳሚዎቹን ማን ወዴት እንደሚጎትታቸው ተመለከትን። ዊሊያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ይህንኑ ያጠና ነበር፤ ሰው የሚነሳ ወንበር ካገኘ ከመቀመጡ በፊት ትንሽም ቢሆን ፈቀቅ ያደርገዋል ይላል። ጀበና ቡና ጠጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዱካውን ያልጎተተ ደንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የኛዎቹ ሽማግሌዎች በሁለተኛው እሑድ አግዳሚውን እኛ ካስቀመጥንበት አሥር እርምጃ ወስደው ግድግዳው ሥር አደረጉት። ጀርባቸው የሚደገፍበት ፈልገው ነው። የሲሚንቶ አግዳሚ መሀል ላይ አፍስሰን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም የማይቀመጥበት ነበር። ከፍታውንም የወሰነው ሙከራው ነው። ለሽማግሌ ጉልበት 45 ሳንቲሜትር ገደማ ይመቻል፤ ዝቅ ሲል ለመነሳት እጅ ይዘው ነው።

አቋራጩን መንገድ ኮብልስቶን አለበስነው። እግር ባወጣው መስመር ላይ፣ ልክ በሰያፉ። ባለሙያው «ቀጥ ቢል ያምራል» አለ። አይ አልን።

ገንዘብ

እዚህ ላይ የምናገረው ብዙ ነው፣ ግን እቆጠባለሁ። ከሙከራው በፊት ሳንቲም አትሰብስቡ። ሰው ያላየውን ነገር «አዋጡ» ሲባል ያለፈውን ሽቦ ያስታውሳል፤ ልክ ነው። ካየ በኋላ ግን «ስንት ነው?» ብሎ ራሱ ይመጣል። ገንዘብ የሌለው በዓይነት ያዋጣ፦ አንዱ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ፣ አንዱ አሸዋ በገልባጭ፣ አንዷ ለሠራተኞቹ ሽሮ፣ አንዱ ጉልበቱን ቅዳሜ ከሰዓት። ሁሉም እኩል በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የሲሚንቶው ከላይ የሽሮው ከታች እንዳይሆን፤ እኔ በፊደል ተራ ነው የጻፍኩት።

ደረሰኞቹን በየብሎኩ መግቢያ ለጥፉ። የሦስት መቶ ብር የምስማር ደረሰኝ ሳይቀር። ከተሰበሰበው ሦስት እጅ አንዱን አትንኩ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጥገና ነው። በዚህ ተሰድቤያለሁ፤ «ብሩ ላይ ተቀምጣ» ተብያለሁ። በዓመቱ የፍሳሽ ክዳን ሲሰበር ስድቡ ቆመ።

ስብሰባውን አሁን ጥሩ። ሁሉም ነገር ያለቀለት ስለሆነ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም፣ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይግባ። ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው ነገር ኮሚቴ ሲቀየር አብሮ አይቀየርም።

ዛፍ

ችግኝ ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። ችግሩ ጥር ነው። እኛ እያንዳንዱን ዛፍ ለአንድ በር ቁጥር ሰጠነው፤ በበጋ በሳምንት ሁለት ጀሪካን፣ የልብስ እጣቢም ቢሆን። አሥራ አራት ተክለን አሥራ አንዱ ጸድቀዋል። ከአግዳሚው በስተ ምዕራብ ትከሉ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ የሚመጣው በዚያ ነው። ከፍሳሽ መስመር ራቁ። ባሕር ዛፍ የሚል ካለ ቡና ጨምሩለትና ወሬ ቀይሩ።

የድንኳኑ ቀዳዳዎች

ይህ የእድራችን ዳኛ ሐሳብ ነው። ድንኳን የሚተከልበትን ስፋት ለካና ምሰሶዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ አጫጭር የብረት ቱቦ ከመሬት እኩል አድርገን በሲሚንቶ ቀበርን። ምሰሶው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ አይቆፈርም፣ ኮብልስቶን አይነሳም። ክዳኖቹ የብረት ነበሩ፤ በአንድ ወር ውስጥ ተሰረቁ። አሁን በእንጨት ውታፍ ነው የሚደፈኑት፣ እንጨት ማንም አይሰርቅም። አጥርና በር የለም። ቁልፍ የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ክረምት ብሎክ 6 ላይ ለቅሶ ነበር። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው ውታፎቹን የነቀሏቸው፤ የትኛው ቀዳዳ የት እንዳለ ከኛ በላይ ያውቁታል፤ የሚጫወቱባት ብይ ሁሌም እዚያ ውስጥ ትገባለች። ድንኳኑ ሳይመሽ ቆመ። ሦስቱን ቀን ኳስ በመኪናዎቹ በኩል ሆነ፣ አንድ ስፖኪዮም ተሰበረ፤ የሚኒባሷ አይደለም፣ እግዜር ይመስገን። ከጥገናው ብር ከፈልን።

ያልፈታነው መብራቱን ነው። ልጆቹ ኤክስ ያደረጉበት ጥግ ላይ አምፖል አለ፣ ይበራል። ግን የተቀጠለው ከብሎክ 2 የደረጃ ቆጣሪ ላይ ነው። ሒሳቡን ለስድስት ብሎክ እናካፍለው ብለን ተስማምተን ነበር፤ ሁለት ብሎክ ከፈለ። የብሎክ 2 ሰዎች በየወሩ ቢሉ በመጣ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ምንም አይጽፉበትም፣ ፎቶው ብቻ ነው።